ከማትሪክ እስከ 50 ከመቶ

የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ዛሬም “ሚኒስትሪ” እንለዋለን። ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው ከነበረበት ዘመን የቀረ ስም ነው፤ አሁን ክልሎች ያወጡታል። ማትሪክ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። በ1993 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ፈተና ሲጀመር ስሙም ወደዚያ ዞረ፤ ያም ቆይቶ ቀረ።

በዚህ ሁሉ መሀል የእኛ የወላጆች ዝግጅት ብዙ አልተለወጠም። ፈተናው ሲቃረብ የድሮ ወረቀት እናፈላልጋለን፣ አስጠኚ እንቀጥራለን፣ እንሳላለን።

በግንቦት 2008 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣና ፈተናው ተሰርዞ ሌላ ተሰጠ። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ግን ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ ይፈተኑ ጀመር። ውጤቱ ሲነገር 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አገር ደነገጠ። ኮሮናውም ጦርነቱም ድርሻ አላቸው፤ በእኔ እይታ ግን የታየው ከታች ክፍል ጀምሮ የተጠራቀመው ጉድለት ነው። በአንድ ወር ጥናት የሚሞላ አይደለም።

ስለዚህ ማኅበራችን ለማስጠናት የሚመድበው ገንዘብ ከአራተኛ ክፍል ይጀምር እላለሁ። በተለይ ለሴቶቹ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃው፣ ዕቃ ማጠቡ፣ ታናናሾቿ ይጠብቋታል፤ ማታ ደብተር ስትገልጥ እንቅልፍ ይቀድማታል። (ወንድሟም ዕቃ ማጠብ ይችላል።) ለጋሾቻችንን የምንጠይቀው ለፈተና ሰሞን የሚባዛ ወረቀት ባይሆን ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ዓመቱን ሙሉ የሚከፈት፣ መብራትና አስጠኚ ያለው አንድ ክፍል ይሁን።