ጅግጅጋ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ መኪናችን ግን በምን ያውቃል?

ከበርበራ ወደብ ተነስቶ በሐርጌሳና በቶጎ ውጫሌ በኩል ጅግጅጋ የገባ መኪና ከባሕር ጠርዝ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ወጥቷል። ሾፌሩ የሚያየው አቧራውንና ኬላውን ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ግን ግፊቱ ከወደቡ ከ15 በመቶ በላይ ቀንሷል። ካራማራን አልፎ ወደ ሐረር ሲወጣ ደግሞ ይብሳል።

1 ኪሎ ቤንዚን በአግባቡ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። የነዳጅ ሒሳብ አስቀድሞ የአየር ሒሳብ ነው።

ሒሳቡን የጀመሩት መኪና ሠሪዎች አይደሉም። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1643 በሜርኩሪ ቱቦ አየር እንደሚጫን አሳየ። በ1648 ፈረንሳዊው ፓስካል የእህቱን ባል ቱቦውን አስይዞ ፒዊ ደ ዶም የተባለ ተራራ ላይ አስወጣው። ጫፉ ላይ ሜርኩሪው 8 ሴንቲሜትር ያህል ወርዶ ተገኘ። ልብ በሉ፤ የዚያ ተራራ ቁመት 1,465 ሜትር ነው። ጅግጅጋ ከዚያም በላይ ነው የተቀመጠችው!

የድሮው ካርቡሬተር ይህን አያውቅም ነበር። ቆላ ላይ የተስተካከለው ከፍ ወዳለ ቦታ ሲወጣ ነዳጁ ከአየሩ ይበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መድኃኒቱ የመካኒኩ ጆሮና ካቻቢቴ ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1967 የጀርመኑ ቦሽ በቮልስዋገን 1600 ላይ ዲ-ጄትሮኒክን ገጠመ። ይህ ሥርዓት ወደ ሞተሩ አየር በሚገባበት ቱቦ ውስጥ ያለውን ግፊት እየለካ ነዳጁን ይመጥናል። የዛሬው የማፕ ሴንሰር ሥራም ይኸው ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጋለ ሽቦ መጣ፤ የሚገባው አየር ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል፣ ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ምን ያህል አየር እንደገባ ይናገራል። ማፍ የምንለው ይህንን ነው።

ታዲያ የእኛ አገር አቧራ ለዚህ ቀጭን ሽቦ ጠላት ነው። ማጣሪያው ካረጀና ሽቦው ከቆሸሸ ብዙ ጊዜ አየሩን አሳንሶ ያወራል፤ መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ማፕ ያለው መኪና ላይ ቀጭኗ የአየር ጎማ ከተሰነጠቀች ደግሞ ሴንሰሩ ግፊቱን አብዝቶ ያያል፤ ነዳጅ በከንቱ ይፈሳል። ሁለቱም በጽዳትና በአንዲት ጎማ ሊድኑ ይችላሉ። እኛ ግን ነዳጁን እንሰድባለን፣ ኢንጀክተር እንቀይራለን፣ ሲብስ ሴንሰሩን ነቅለን እንጥላለን።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አዳዲስ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ውሳኔውን ደግፉም ተቃወሙም፣ በእጃችን ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ማገልገላቸው አይቀርም። ስለዚህ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ለጋራዥ ልጆች ከመፍታትና ከመግጠም በፊት መለካትን ያስተምሩ። ሴንሰሩ የሚናገረውን ማንበብ የማይችል መካኒክ የግምቱን ዋጋ የሚያስከፍለው ባለመኪናውን ነው።