የደም ማቅጠኛው ታሪክና የይፋት ቆላ ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማበር ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ቦታው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፈን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,280 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በመንገድ ላይ ጆሯችን ይደፈናል፤ ምራቃችንን ስንውጥ ይከፈታል። ምክንያቱ የአየር ግፊት መጨመሩ ነው። ያ ሁሉ ቁልቁለት የሚጨምርብን ግፊት ግን ሁለት ሜትር ገደማ ውሃ ውስጥ እንደመጥለቅ ያህል ነው። ባሕር ጠላቂ 10 ሜትር ሲወርድ የዚህን አምስት እጥፍ ያህል ግፊት ይሸከማል።

«ይፋት ባሕር የለው፤ ጠላቂ ከየት መጣ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ይፋትን ከባሕር ያገናኘው ጥንት ወደ ዘይላ የሚወርደው የሲራራ ንግድ መንገድ ነበር። ነገር ግን የልብ ሕመም ያለበት፣ የደም ማቅጠኛ የሚወስድና ባሕር መጥለቅ የሚሻ ሰው ለሐኪሙ የሚያቀርበው ጥያቄ፣ የልብ ቫልቭ ተቀይሮለት ወደ ቀወት ማሳው የሚመለስ ወጣት ከሚያነሳው ጥያቄ አይለይም፦ «ወደ ቀድሞ ኑሮዬ ብመለስ ያሰጋኛል ወይ?» መልሱ ያለው በመድኃኒቱ ታሪክ ውስጥ ነው።

▪️ ከከብት እልቂት የተገኘ መድኃኒት

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በካናዳና በአሜሪካ ከብቶች እየደሙ ያልቁ ጀመር። ቀንዱ የተቆረጠ ወይም የተኮላሸ ከብት ደሙ አልቆም ብሎ ይሞት ነበር። ፍራንክ ስኮፊልድ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ጥፋቱን ከሻገተ መኖ ላይ አገኘው። መኖው ከእኛው ማገጥ ጋር የሚዛመድ ተክል ነው። በ1933 አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደሩንና በዕቃ የሞላ የማይረጋ ደም ጭኖ፣ በበረዶ ውሽንፍር ወደ ካርል ሊንክ ቤተ ሙከራ መጣ። ሊንክና ባልደረቦቹ ዓመታት ፈጅተው የሚያደማውን ንጥረ ነገር ለዩት። ከዚሁ ዘር የተሠራው ዋርፋሪን በ1948 ገበያ የወጣው የአይጥ መርዝ ሆኖ ነው። በ1954 ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት ድንገተኛ የልብ ሕመም የገጠማቸው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም ወስደውታል።

አይጥ የሚገድለውና ፕሬዚዳንት የሚያክመው ያው አንድ ንጥረ ነገር ነው። ልዩነቱ ልኬቱ ላይ ነው። በነገራችን ላይ «ደም ማቅጠኛ» እንለዋለን እንጂ ደምን እንደ ውሃ አያቀጥንም። የቫይታሚን ኬን ሥራ እያወከ ደም የሚረጋበትን ጊዜ ያዘገያል። ምን ያህል እንዳዘገየ የሚለካው አይ ኤን አር በሚባል ምርመራ ነው። ቀድሞ የየቤተ ሙከራው ውጤት ይለያይ ስለነበር የዓለም ጤና ድርጅት በ1983 ይህን አንድ ወጥ መለኪያ አጸደቀ። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለው ሰው ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ ዒላማ ያወጣለታል። ከዚያ ሲወርድ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያስከትላል። ከዚያ ሲያልፍ ደግሞ መድማት ይመጣል።

▪️ ልብ ሕክምናው ወደ እኛ ሲመጣ

በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ለቫልቭ ቀዶ ሕክምና የሚዳርገው ሪውማቲክ የልብ ሕመም ነው። የሚጀምረው በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። እንጥል ማስቆረጥ የጉሮሮውን ተሕዋስ አይገድልም፤ የሚገድለው ፔኒሲሊን ነው። ዶ/ር በላይ አበጋዝ በ1989 የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከልን ሲመሠርቱ ቀዶ ሕክምናው አገር ውስጥ አልነበረም፤ ልጆች ወደ ውጭ ይላኩ ነበር። በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ፤ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞችም እዚሁ ያክሙ ጀመር። ታላቅ እርምጃ ነበር።

ብረት ለበስ ቫልቭ የገባለት ሰው ግን ዋርፋሪንን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ምርመራ የማያስፈልጋቸው አዳዲስ መድኃኒቶች አልተሞከሩም ማለት አይደለም። በሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ የተደረገው ጥናት በጉዳቱ ምክንያት ተቋረጠ፤ ውጤቱም በ2013 ታተመ። በ2022 የታተመ ሌላ ጥናትም፣ ሪውማቲክ የልብ ሕመምና የልብ ምት መዛባት ላለባቸው ሰዎች የዋርፋሪን ወገን መድኃኒቶች እንደሚሻሉ አሳየ። ስለዚህ ዋርፋሪን አብሮን ይቆያል፤ አይ ኤን አርም እንዲሁ።

▪️ ጠላቂው የሚጠየቀው፣ ገበሬውም ሊጠየቅ የሚገባው

የጠላቂዎች ሐኪም ኪኒኑን ስላየ ብቻ አይወስንም። አራት ነገር ይጠይቃል። መድኃኒቱን የምትወስደው ለምንድን ነው? ልኬትህ ለወራት የተረጋጋ ነው? ልብህ ብርቱ ድካም ይችላል? ብትደማ ሕክምና ምን ያህል ይርቃል? በጥልቀት ውስጥ ግፊቱ ካልተመጣጠነ ጆሮና ሳንባ ሊደማ ይችላል፤ ማዕበል ሲገፋ ደግሞ የደከመ ልብ ይከዳል። ብዙዎች፣ በተለይ ብረት ለበስ ቫልቭ ያላቸው፣ «ይቅርብህ» የሚባሉት በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህኑ ጥያቄዎች ሸዋ ሮቢት ላይ እናንሳቸው። የመስኖ ፓምፕ ተሸክሞ የሚወጣ፣ ማጭድ የሚይዝ፣ ማንጎ ዛፍ ላይ የሚወጣ፣ ሞተር የሚነዳ ሰው አደጋው ከጠላቂው አያንስም። ቆላው ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ትኩሳትና የሆድ ሕመም ሲመጣ ሰው ወደ መድኃኒት ቤት ይሮጣል። ኮትሪሞክሳዞልና ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ኃይል ያንሩታል። የቲቢው ሪፋምፒሲን ያዳክመዋል። የዳይክሎፌናክ መርፌ ሲወጋ ጡንቻ ውስጥ ሊያደማ ይችላል። ዋግምት መታገምማ ፈጽሞ የሚሞከር አይደለም።

ጾምም አለ። በጾም ወራት ጎመን ይበዛል፤ ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው መድኃኒቱን ይቀንሰዋል። መፍትሔው ጎመንን መተው ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ መጠን መብላት ነው። በረመዳን የሚጾም ደግሞ በቀን አንዴ የሚወሰደውን ኪኒን ማታ ከኢፍጣር በኋላ መውሰድ ይችላል፤ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ልጅ መውለድ የምትሻ ሴት ግን ከመጸነሷ በፊት ሐኪም ታማክር፤ ዋርፋሪን ጽንስ ይጎዳል። ማንም በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጠው።

▪️ ምን እንጠይቅ?

የልብ ቀዶ ሕክምና ዜና ሲሆን ሁላችንም እናጨበጭባለን፤ ተገቢም ነው። ቫልቩ ግን በአንድ ቀን ይገባል፤ ልኬቱ ዕድሜ ልክ ነው። ታካሚው ለአንዲት የደም ጠብታ ምርመራ ጣርማበርን ወጥቶ፣ የቀን ገቢውን ትቶ፣ የመኪና ከፍሎ የሚሄድ ከሆነ ቀጠሮው መዝለሉ አይቀርም። በጣት ደም የሚለካ ትንሽ መሣሪያ በዓለም ላይ ካለ ቆይቷል።

ስለዚህ ስለ ቆላ ሆስፒታሎች ሪፖርት ሲቀርብ ከአልጋ ብዛት ጎን አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ «ባለፈው ዓመት የአይ ኤን አር ምርመራ ሳይቋረጥ ስንት ቀን ተሰጠ?» የይፋቱ ወጣት ወደ ማሳው ይመለስ አይመለስ የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ቫልቭ የተቀየረለት ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ይህን አጋሩት።