መሠረታዊ የሕትመት ሥዕል ሥልጠና ለጀማሪ ጎልማሶች

የሕትመት ሥዕል ማለት ምስልን በእንጨት፣ በሊኖሊየም ወይም በብረት ገጽ ላይ ቀርጾ፣ ቀለም በመቀባት ወደ ወረቀት የማስተላለፍ ጥበብ ነው። በአገራችን ሙያው በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥር ሰዷል። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው ይህ ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። በ1950ዎቹም ጀርመናዊው የእንጨት ሕትመት ባለሙያ ሃንሰን ባሂያ በተቋሙ አስተምሯል። ይህ ጽሑፍ ሥልጠናውን ለመጀመር ለሚሹ ዜጎች የተዘጋጀ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት

ጀማሪዎች በአብዛኛው በሊኖሊየም ላይ መቅረጽን ይማራሉ። ሊኖሊየም ከተልባ ዘይትና ከቡሽ ብናኝ የሚሠራ በመሆኑ ከእንጨት ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ይበልጥ ይለሰልሳል። ለሥራው አነስተኛ መሮዎች፣ ሮለር፣ የሕትመት ቀለም፣ ለስላሳ ወረቀትና ቀለም መዘርጊያ መስታወት ያስፈልጋሉ። ማተሚያ መሣሪያ ከሌለ የወረቀቱን ጀርባ በእንጨት ማንኪያ በእኩል ኃይል ማሸት በቂ ነው።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ንድፉን በእርሳስ በስስ ወረቀት ላይ መሣል፤
2. ወረቀቱን ገልብጦ በሊኖሊየሙ ላይ በማሸት ንድፉን ማስተላለፍ። ምስሉ ሲታተም የሚገለበጥ በመሆኑ ይህ ደረጃ ቢዘለል ፊደላት ተገልብጠው ይወጣሉ፤
3. ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበትን ክፍል በመሮ ማንሣት። የተነሣ ቦታ ስለማይመለስ በጥቂት በጥቂቱ መቅረጽ ይገባል፤
4. ቀለሙን በመስታወቱ ላይ በሮለር በስሱ ዘርግቶ ገጹን መቀባት። ቀለም ሲበዛ ጥቃቅን መስመሮች ይደፈናሉ፤
5. ወረቀቱን አሳርፎ ማሸት፣ ከዚያም ከአንድ ጥግ ቀስ ብሎ ማንሣት።

ለደኅንነት የሚደረግ ጥንቃቄ

መሮ ምንጊዜም ከሰውነት ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሊኖሊየሙን የሚይዘው እጅ ከስለቱ ኋላ መሆን አለበት። የዶለዶመ መሮ ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅና በቀላሉ ስለሚያዳልጥ ከተሳለው የበለጠ አደገኛ ነው። በዘይት የተሠራ ቀለምን በምግብ ዘይት፣ ከዚያም በሳሙናና ውኃ ማጽዳት ይቻላል። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ሲከማች በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ ባለበት የብረት ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ቁጥርና ፊርማ

ሠዓሊው ከሕትመቱ ግርጌ በእርሳስ ይፈርማል፤ የቅጂውንም ቁጥር ይጽፋል። ለምሳሌ «3/20» ማለት ከሃያ ቅጂዎች ሦስተኛው ማለት ነው። ከተገለጸው ቁጥር በላይ አትሞ መሸጥ የገዢውን እምነት ማጉደል ነው።

የቅጂ መብት

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ወጥ የሆነ ሥራ ያለ ምዝገባ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ ያገኛል። የሠዓሊው የኢኮኖሚ መብትም በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ስለዚህ የሌላ ሰውን ሥዕል ቀርጾ ለሽያጭ ለማተም የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከመመዝገብ በፊት

አመልካቾች የሚከተሉትን ጠይቀው እንዲረዱ ይመከራል፦

• የመሣሪያና የቀለም ወጪ በክፍያው ውስጥ መካተቱን፤
• ክፍሉ በቂ ብርሃንና አየር ያለው መሆኑን፤
• አንድ አሠልጣኝ ስንት ሰልጣኞችን እንደሚያስተምር፤
• ከሥልጠናው በኋላ ማተሚያ መሣሪያውን መጠቀም የሚቻል መሆኑን።

ሥልጠናውን ለመጀመር ቀደም ያለ የሥዕል ችሎታ አስፈላጊ አይደለም። ጥቂት ቅርጾችን በጥቁርና ነጭ ብቻ አጥርቶ ማተም ለጀማሪ በቂ ግብ ነው።