ስኮች ውስኪ

ስኮች ውስኪ በስኮትላንድ ከገብስ ብቅል ወይም ሌላ እህል ከተጨመረበት ጥንስስ ተጣርቶ፣ እዚያው አገር በኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት የሚቆይ መጠጥ ነው። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ በርሜሉ ከ700 ሊትር አይበልጥም፣ የአልኮሉ መጠንም ከ40 በመቶ አያንስም።

ገብሱ ተዘፍዝፎ ከበቀለ በኋላ በሙቀት ይደርቃል። የጣዕሙ ልዩነት የሚጀምረው እዚህ ነው። በአይላ ደሴት ለማድረቂያ የሚነደው ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀ፣ የበሰበሰ ዕፅዋት ያለበት አፈር ነው፤ ጭሱ ከብቅሉ ጋር ተዋህዶ ላፍሮይግና አርድቤግ የተባሉት ውስኪዎች የሚታወቁበትን መድኃኒት መድኃኒት የሚል ጠረን ይሰጣል። ብቅሉ ተፈጭቶ በሙቅ ውኃ ስኳሩ ከወጣ በኋላ እርሾ ይገባበታል። ጥንስሱም በመዳብ ጋን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይጣራል። ባለሙያው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ለይቶ መካከለኛውን ብቻ ወደ በርሜል ይልካል፤ ትልቁ ጥበብም ይኸው ነው።

በርሜሎቹ በአብዛኛው ቀድሞ የአሜሪካ ቡርቦን ወይም የስፔን ሼሪ የነበረባቸው ናቸው። በውስጣቸው ካለው ውስኪ በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ ይተናል።

ሲንግል ሞልት ከገብስ ብቅል ብቻ በአንድ ፋብሪካ ይሠራል። ስንዴ ወይም በቆሎ የሚገባበት የእህል ውስኪ ደግሞ ኢኒየስ ኮፊ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1830 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ዓይነት ረጅም ማጣሪያ ይወጣል። የሁለቱ ቅልቅል ብሌንድድ ይባላል፤ ጆኒ ዎከር ከዚህ ወገን ነው። ጠርሙሱ ላይ «12 ዓመት» ከተባለ፣ ከተቀላቀሉት መካከል የትንሹ ዕድሜ ነው።