ዱላና ጭፈራ፤ በሱሪ አገርና በከራላ

በአገራችን የጦር ነገርና የጭፈራ ነገር ተለያይተው አያውቁም። ጀግናው ከዘመቻ ሲመለስ ይፎክራል፤ ሲፎክርም ጦሩን ይነቀንቃል፥ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል፥ ገድሉን ይቆጥራል። ይህ ባንድ ጊዜ ጭፈራም ነው፥ ትያትርም ነው፥ የጦር ልምምድም ነው። በበዓል ቀን የሚደረገው የፈረስ ጉግስም ጨዋታ ይባል እንጂ ፈረሰኛውን ለጦር ሜዳ የሚያዘጋጅ ትምህርት ነበረ።

በዚህ ጽሑፍ ለመናገር የፈለግሁት ግን ለእኛ ለሚዛን ተፈሪ ልጆች ቅርብ ስለ ሆነው ስለ ሱሪ ዶንጋ ነው። ከእርሱም ጋር ለማነጻጸር በደቡብ ህንድ ስላለችው ስለ ከራላ እጨምራለሁ። ከራላ ለአያቶቻችን እንግዳ ስም አይደለችም፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት ህንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ነበሩና።

ሱሪዎች ከከተማችን በደቡብ ምዕራብ በኩል፥ በኪቢሽ አካባቢ እስከ ደቡብ ሱዳን ጠረፍ ድረስ የሚኖሩ ከብት አርቢዎችና ገበሬዎች ናቸው። የደጋው ሰው ሱርማ ይላቸዋል፤ እነርሱ ራሳቸውን የሚጠሩት ግን ሱሪ ብለው ነው። እህል ደርሶ ሆድ በሚጠግብበት ወራት ያንዱ መንደር ጎበዛዝት ከሌላው መንደር ጎበዛዝት ጋር ለዶንጋ ይቀጣጠራሉ። ለዚህም ቀን ወተትና የከብት ደም እየጠጡ ሰውነታቸውን ያጠነክራሉ። ቀኑ ሲደርስ ገላቸውን በአፈር ቀለም አስጊጠው፥ ዱላቸውን ይዘው፥ እየዘፈኑ በሰልፍ ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። እንግዲህ ውጊያው ገና ሳይጀመር ጭፈራው ተጀምሯል ማለት ነው።

ዱላው ራሱ ዶንጋ ይባላል፤ ርዝመቱም ከ2 ሜትር ይበልጣል። ተዋጊው በታችኛው ጫፍ በኩል በሁለት እጁ ጨብጦ ይሰነዝራል፤ የባላጋራውንም ምት በዚያው ዱላ ይመክታል። አንዳንዱ ራሱን፥ ክርኑንና ቅልጥሙን በጨርቅ ይጠቀልላል፤ ሌላው ግን ራቁት ገላውን ይዞ ይገባል። የሚገጥሙት ያላገቡ ወጣቶች ናቸው፤ ልጃገረዶችም ቆመው ይመለከታሉ። ያሸነፈውን ጓደኞቹ በትከሻቸው ተሸክመው ይጨፍራሉ።

ከሩቅ ለሚያየው ሰው ይህ ሁሉ ያልተገራ ድብድብ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዶንጋ ዳኞች አሉት፤ ስማቸውም ኦዳ ይባላል። የወደቀውን መምታት ክልክል ነው፤ መግደል ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ክልክል ነው። ሰው የሞተ እንደ ሆነ የገዳዩ ወገን ለሟች ቤተ ዘመድ ካሳ ይከፍላል፤ እንደ ጥንቱ ሥርዓት ካሳው ሴት ልጅ መስጠት ነበረ። (ይህ ሥርዓት በልጅቱ በኩል ሲታይ ምን ያህል የከበደ እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።) ቅጣቱ እንዲህ ከባድ ስለ ሆነም ተዋጊው ሲመታ እንኳ እጁን ይቆጣጠራል። ዶንጋን ከጠብ የሚለየው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ከራላ እንሻገር። በዚያ አገር ካላሪፓያቱ የሚባል የጦር ጥበብ አለ። ካላሪ ማለት ማሠልጠኛው ስፍራ ነው። በሰሜን ከራላ መሬቱ ወደ ታች ተቆፍሮ፥ በልማድ ርዝመቱ 42 ጫማ፥ ወርዱም 21 ጫማ ሆኖ ይሠራል። ተማሪው ገላውን ዘይት ተቀብቶ አስቀድሞ ሰውነቱን ማጠፍና መዘርጋት፥ መዝለልና መሽከርከር ይማራል። ከዚያ የእንጨት ዱላ፥ ቀጥሎም ሰይፍና ጋሻ ይይዛል፤ በባዶ እጅ መዋጋትን የሚማረው ግን በመጨረሻ ነው። ባዶ እጅ ከሰይፍ በኋላ መምጣቱ በጣም አስገርሞኛል።

በጥንት ዘመን ሁለት መሳፍንት የተጣሉ እንደ ሆነ እያንዳንዳቸው አንዳንድ የሠለጠነ ተዋጊ ያቆሙ ነበር። ሁለቱ ከፍ ባለ መድረክ ላይ ወጥተው በሕዝብ ፊት እስከ ሞት ይጋጠማሉ፤ የእነርሱም ውጤት ለጌቶቻቸው ክርክር ፍርድ ሆኖ ይቆጠራል። አንካም የሚባለው ይህ ነው። በሰሜኑ ክፍል የሚዘፈኑት የጀግና ግጥሞች እንደነ አሮማል ቼካቫርና እንደ እኅቱ እንደ ኡኒያርቻ ያሉትን ያነሣሉ። ኡኒያርቻ ሴት ሆና ሳለ በሰይፍ የታወቀች ናት።

ከዚሁ ጥበብ ካታካሊ የተባለው ትያትር ብዙ ወርሷል። ካታካሊ በ17ኛው መቶ ዓመት የተነሣ ነው። ተዋናዩ ፊቱን በአረንጓዴ፥ በቀይና በጥቁር ቀለም ተቀብቶ፥ አንድ ቃል ሳይናገር፥ በእጁ ምልክትና በዓይኑ ብቻ የራማያናንና የማሃባራታን ታሪክ ይጫወታል፤ ቃሉን ከኋላው የቆሙት ዘፋኞች ያወጡለታል። የእግሩ አጣጣል፥ ዝላዩና መምህሩ የተማሪውን ገላ በእግሩ እየረገጠ የሚያሸው መታሸት ሁሉ ከካላሪ የመጣ ነው።

እንግሊዞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1805 ፓዛሲ ራጃ የተባለውን ዐመፀኛ መስፍን ከገደሉ በኋላ የጦር መሣሪያውን ከሕዝቡ ገፈፉ፤ ካላሪውም እየተዳከመ ሄደ። ነገር ግን ከሰውነት ውስጥ የገባውን ትምህርት መግፈፍ አልቻሉም። በ1930 (እ.ኤ.አ.) ባለቅኔው ቫላቶል ናራያና ሜኖን ከራላ ካላማንዳላም የሚባለውን የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያቋቁም ካታካሊን በሥርዓት የሚያስተምር ስፍራ ተገኘ። ካላሪም ራሱ በዚያው ዘመን ገደማ በሕዝብ ፊት እየታየ እንደገና አንሰራራ። በእኛም አገር በ1927 ዓ.ም. ወረራው ሲቃረብ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር የአርበኝነትን ንግግርና ዘፈን ወደ አደባባይ አመጣ፤ ፉከራና እስክስታም በኋላ ከመድረኩ ሥራዎች ሆኑ።

በሱሪ አገር የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1980 ዓ.ም. አካባቢ፥ በሱዳን ጦርነት ምክንያት፥ ክላሽንኮፍ ወደ ጠረፉ በብዛት ገባ። ጎረቤቶቻቸው ኛንጋቶሞች ቀድመው ስለ ታጠቁ ሱሪዎችም ከብታቸውን ለማስጣል እየሸጡ ጠመንጃ ገዙ። እንግዲህ በከራላ መሣሪያው ተነጥቆ ጥበቡ ቀረ፤ በሱሪ ደግሞ ዱላው ሳይነጠቅ ጠመንጃ ተጨመረበት። ከዚያ ወዲህ በዶንጋ ሜዳ የተነሣ ቅሬታ በጥይት ያለቀበት ጊዜ አለ። አስተዳዳሪዎችም ዶንጋን ለማስቀረት ደጋግመው ሞክረዋል። እንደ እኔ አስተያየት ግን ዱላውን መከልከል ጥፋቱን በሌለበት መፈለግ ነው፤ የሚገድለው ተኩሱ ነውና።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የዳኛው ነገር ነው። ኦዳ የሚሆነው ቀድሞ በዶንጋ ስሙ የተነሣ ሰው ነው። በሁለት ተዋጊዎች መካከል ገብቶ ዱላውን ሲዘረጋ የሚታዘዙለት እርሱም ያን ምት ቀምሶ ስለሚያውቅ ነው። ጠመንጃ ግን ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል፤ ከሩቅ ሆኖም ይተኩሰዋል፤ በመካከልም ኦዳ የሚቆምበት ስፍራ የለም።