የተማሪው ጥናትና የዓመቱ ጉባኤ

ጥናትና ምርምር ሲባል በብዙዎች ኅሊና የሚታየው በመጻሕፍት ተከብቦ የሸመገለ ሊቅ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪውን ገና ያልጨረሰ ተማሪ የሰበሰበውን መረጃ በጉባኤ ፊት ማቅረቡ በአንጻሩ የቅርብ ዘመን ልማድ መስሎ ይታያል። በእርግጥም በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ብሔራዊ የምርምር ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1987 በሰሜን ካሮላይና፣ በአሽቪል ከተማ ነው። ብሪታንያ ተመሳሳዩን ጉባኤ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ተማሪዎች የተገናኙበት የዓለም ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2016 በካታር ዋና ከተማ በዶሃ ተካሂዷል።

ይሁን እንጂ ተማሪው ያጠናውን ለባልንጀሮቹና ለመምህራኑ ማካፈሉ በኢትዮጵያ ከዚህ የቀደመ ታሪክ አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ በኋላ፣ በኮሌጁ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተቋቋመ። የማኅበሩ ዓላማ የኢትዮጵያን ሕዝቦች ኑሮ፣ ልማድና ትውፊት ማጥናት ነበር። ለሥራው መነቃቃት ብዙ የደከሙት የኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነበሩ። ተማሪዎቹ ከየትውልድ አካባቢያቸው ያገኙትን ዕውቀት ይጽፉ ነበር፤ ጽሑፎቻቸውም እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1961 በወጣው የማኅበሩ ቡለቲን ታተሙ። ከዚሁ ጋር ቁሳቁስ እየተሰበሰበ አንድ አነስተኛ ቤተ መዘክር ተጀመረ።

የዚህ ሥራ ዋጋ ከምን እንደመጣ ማስተዋል ይገባል። ተማሪው ከውጭ አገር ከመጣው ተመራማሪ የሚበልጥበት አንድ ነገር ነበረው፤ ይኸውም የሚያጠናውን ሕዝብ ቋንቋ ከእናቱ መማሩ ነው። አስተርጓሚ ሳያስፈልገው ከሽማግሌው እግር ሥር ተቀምጦ መጠየቅ ይችላል፤ የተነገረው ቀልድ ይሁን ቁም ነገርም ይለያል። የሚያንሰው ሥልቱ ነበር። ምስክርነትን ከምስክርነት ማመዛዘንን፣ የሰማውን ካነበበው ጋር ማስተያየትን ገና ይማር ነበርና። ጽሑፉ በባልንጀሮቹ ፊት መቅረቡ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው፤ ከሌላ አካባቢ የመጣው ጓደኛው የሚያነሣው ጥያቄ ጸሐፊው ያላየውን ጉድለት ያሳየዋል።

በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተመረቀ። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ ሆይናትስኪም የቤተ መጻሕፍቱና የቤተ መዘክሩ ኃላፊ ሆነው ሥራቸውን ቀጠሉ። የተማሪዎቹ ቡለቲን ግን ከ1961 በኋላ አልቀጠለም። ቅጂዎቹም በጥቂት መደርደሪያዎች ላይ ብቻ ቀርተው ቆይተው፣ ከአርባ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው እንደገና ታተሙ።

ከዚያ ወዲህ የተማሪውን ጥናት የተሸከመው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር እየላከ ከገጠሩና ከትንንሾቹ ከተሞች ጋር ያስተዋውቀው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ደግሞ ተማሪውና መምህሩ ወደ ገጠር ዘመቱ፤ የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርትም ተቋረጠ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 እስኪከፈት ድረስ በአገር ውስጥ የሚጻፈው የተማሪ ጥናት በአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ ነበር። በዚህም የተነሣ የብዙ ትንንሽ ከተሞችና ወረዳዎች ታሪክ የሚገኘው ባልታተሙት በእነዚህ ጽሑፎች ነው።

ጉዳዩ ምን ያህል አሳሳቢ እንደሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን መመልከት ይበቃል። ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ የምትገኝ፣ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤትን፣ የሴቶች ገዳምንና የቢራ ፋብሪካን ጎን ለጎን ያስተናገደች ከተማ ናት። ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ለአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን ውሃ ሲሰጥ ከኖረው ከገፈርሳ ግድብ አጠገብ ትገኛለች። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ፣ በሣር በታወቀው ደጋ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ናት። በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ እርሻውና ግጦሹ ለፋብሪካና ለመኖሪያ ቤት ቦታ ለቀቀ፤ በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ።

ይህን ለውጥ በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ዛሬም አሉ። ወንዙና ኮረብታው በኦሮምኛ ምን ይባል እንደነበር፣ ገበያው በየትኛው ቀን ይውል እንደነበር፣ ፋብሪካው ከመተከሉ በፊት መሬቱን ማን ያርሰው እንደነበር ያውቃሉ። ትዝታቸው ግን እነሱን ይዞ የሚያልፍ ነው። ይህን ለመመዝገብ ከሁሉ የሚቀርበው በዚያው ሠፈር ተወልዶ በየማለዳው በአውቶቡስ ወደ ኮሌጁ የሚመላለሰው ተማሪ ነው። እርሱ ዛሬ ያልጠየቀውን ጥያቄ ነገ የሚመልስለት አያገኝም።

ስለዚህ የተማሪዎች ዓመታዊ የምርምር ጉባኤ የበዓል ድግስ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ከፊተኛው ታሪክ ሁለት ትምህርት መውሰድ ይቻላል። አንደኛው፣ ጉባኤው ጽሑፉ የሚመረመርበትና የሚታረምበት እንጂ የሚጨበጨብበት ብቻ እንዳይሆን ነው። ሁለተኛው፣ የተነበበው ሁሉ ታትሞ ወይም በሚገባ ተጠርዞ ለአንባቢ መድረስ አለበት። የኢትኖሎጂ ማኅበር አባላት በየስብሰባቸው የተናገሩት ከአዳራሹ ጋር ቀርቷል፤ በቡለቲናቸው ያሳተሙት ግን ከአርባ ዓመት በኋላም ተገኝቷል። አባቶች በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለዚህ ነው። መምህሩ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛውና የሙያ ማኅበሩ በዚህ ረገድ ድርሻቸውን ከተወጡ፣ ነገ የሰበታን፣ የቡራዩንና የሱሉልታን ታሪክ የሚጽፈው ሰው ባዶ መደርደሪያ አይጠብቀውም።