የጎጃም ጎርፍ የጠበቀው በር

ስለ አባይ ስናወራ የምናነሳው የተወሰደብንን ነው፤ አፈራችንን፣ ውሃችንን። ዛሬ ደግሞ ስለ ሌላ ነገር እናውጋ። በክረምት ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገጠር በብር፣ በፈጣምና በተምጫ ወንዞች ወርዶ አባይ የሚገባው ደፍራሽ ውሃ ሩቅ አገር ያለ የባሕር በር ሲጠብቅ ኖሯል። ዘበኛው ሲነሳ ምን እንደተከተለ ታሪኩ ይኸውላችሁ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስዊዝ ቦይ በኖቬምበር 17 ቀን 1869 ተከፈተ። የተቆፈረው ለመርከብ ነበር፤ ዓሣ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። ያም ሆኖ ከቀይ ባሕር ወደ ሜዲትራኒያን መሻገር ቀላል አልነበረም። መንገድ ላይ ያሉት መራራ ሐይቆች ጨዋቸው ከባሕርም የበረታ ስለነበር ብዙውን ያስቀሩት ነበር። ያለፈውን ደግሞ ሌላ አጥር ይጠብቀዋል፦ የናይል ሙላት። በክረምቱ መጨረሻ የሚደርሰው ጎርፍ ከግብጽ ዳርቻ ፊት ለፊት የባሕሩን ጨው ያቀጥነው ነበር። ጨው የለመደው እንግዳ ይህን አይወድም። የዚያ ሙላት ትልቁ ድርሻ የእኛው አባይ ነበር።

ግብጽ በ1960 የጀመረችው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 ተጠናቀቀ። ከ1964 በኋላ ግን ሙላቱ እንደ ድሮው ባሕር አልደረሰም። መጀመሪያ የተመቱት የግብጽ አሥጋሪዎች ናቸው። ደለሉ ይመግበው የነበረው የሰርዲን ምርት በ1962 ወደ 18 ሺህ ቶን ነበር፤ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ከ1 ሺህ ቶን በታች ወረደ። በሩም ተከፈተ። በእርግጥ ግድቡ ብቻውን አይደለም። የመራራ ሐይቆቹ ጨው ሟሟ፣ ቦዩ በየጊዜው ሰፋ፣ ባሕሩም ሞቀ።

ከገቡት አንዱ ፊስቱላሪያ ኮመርሶኒ ይባላል፤ እንደ ዱላ ቀጥ ያለ፣ አፈ ረጅም ዓሣ ነው። በ2000 እስራኤል ዳርቻ ታየ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ስፔን ደረሰ። በ2007 የታተመ ጥናት በሜዲትራኒያን ያሉትን ሲመረምር፣ ከእናት ወደ ልጅ በሚተላለፈው ዲ ኤን ኤ ያገኘው ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር። ባሕሩን የወረሰው ወገን ከጥቂት እናቶች የተገኘ ነው ማለት ነው። የዘር ስብጥሩ የጠበበ ሕዝብ ደካማ ይሆናል የሚለውን ትምህርት ይህ ዓሣ አልሰማም።

መርዛማ እሾህ ያለው አንበሳ ዓሣም እንዲሁ ነው። በ1991 አንድ ታይቶ ነበር፤ ማንም አልደነገጠም። ከ2012 ወዲህ ግን ቆጵሮስንና ጎረቤቶቿን ወረረ። ፈጥኖ ያድጋል፤ በአንድ ዓመት ገደማ ለመራባት ይደርሳል። ዛሬ ቆጵሮስ «አጥምዳችሁ ብሉት» እያለች ነው።

እኛ ባሕር የለንም፤ ጣና ግን አለን። ከምዕራብ ጎጃም ሰከላ የሚነሳው ግልገል አባይ የሚገባው እዚያው ነው። እምቦጭ በጣና በ2011 ሲታይ ብዙዎች «ትንሽ አረም ናት» ብለው አልፈዋል። እምቦጭ በአብዛኛው የሚራባው ከራሱ ሥር በሚያወጣው ቡቃያ በመሆኑ በዓለም ዙሪያ ያለው እጅግ ተመሳሳይ ዘር ነው። ይህ ግን ከመስፋፋት አላገደውም።

ስለዚህ ወራሪ ሲመጣ «ስንት ናቸው?» ብሎ መጽናናት አይሠራም። ጥቂት ይበቃሉ። ጥያቄያችን «በሩን ማን ይጠብቅ ነበር? አሁንስ ማን አለ?» መሆን አለበት። የጎጃም ጎርፍ ዘበኛ እንደነበር የታወቀው ከቀረ በኋላ ነው፤ የጣናን ዘበኞች ግን ገና ሳይነሱ ብናውቃቸው ይሻላል።